ለሁሉም ጎማ አንድ ቁጥር አይሆንም፦ ለስምሪት ክፍላችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድርጅታችን የትራንስፖርትና ስምሪት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የጎማ ንፋስ መመሪያው ተነስቶ በሌላ እንዲተካ ስለመጠየቅ

የተከበሩ የክፍሉ ኃላፊ፣

በድርጅቱ መኪኖች ላይ የምንሠራ ሹፌሮችና ረዳቶች ነን። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የወጣው የጎማ ንፋስ መመሪያ ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ አቤት ስንል ቆይተናል። በቃል ተናገርን። በስብሰባ አነሳን። «በጽሑፍ አቅርቡ» ስንባል በጽሑፍ አቀረብን። መልስ የለም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ማንም እንዲያነበው አድርገን ጽፈነዋል። ተሳፋሪዎቻችንንና መንገድ ላይ ከፊታችንና ከኋላችን የሚነዱትንም ይመለከታልና።

መመሪያው አጭር ነው። የቤት መኪና፣ ፒካፕና ሚኒባስ ሁሉም ጎማቸው 44 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) ይሁን ይላል። የጭነት መኪኖች ደግሞ ጭነውም ይሁን ባዶ፣ ፊትም ይሁን ኋላ፣ 100 ይሁኑ። ልኬቱ የሚደረገው ማታ መኪናው ከስምሪት ሲመለስ በር ላይ ነው፤ ትርፍ ከተገኘ ይተነፍሳል። ዳሽቦርዱ ላይ የጎማ መብራት ያለው መኪና መብራቱ ካልበራ አይለካም። የመጨረሻው አንቀጽ እኛን በቀጥታ ይነካናል፦ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ያለጊዜው ቢያልቅ ሹፌሩ ከደመወዙ ይከፍላል።

ነዳጅ ይቆጠብ በሚለው አንከራከርም። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ነዳጅ እንደሚበላ እናውቃለን። መሪው ሲከብድ፣ መኪናው ወደ ኋላ የተያዘ ሲመስል መጀመሪያ የሚሰማን እኛ ነን። የምንቃወመው ለሁሉም ጎማ አንድ ቁጥር መሰጠቱንና ያም ቁጥር በተሳሳተ ሰዓት መለካቱን ነው።

መጀመሪያ ስለ 44 እናውራ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጠይቀን ነበር። ከአንድ የቤት መኪና ጎማ ጎን ላይ የተነበበ ነው ተባልን። ልክ ነው፣ ብዙ የቤት መኪና ጎማዎች ጎናቸው ላይ 44 ወይም 51 ፒ.ኤስ.አይ የሚል ጽሑፍ አላቸው። ግን ቁጥሩ ብቻውን አልተጻፈም። ከፍተኛ መጠን መሆኑን የሚናገር ቃል አጠገቡ አለ። ከዚህ አትለፉ የሚል ጣሪያ ነው እንጂ እዚህ አድርሱ የሚል ትእዛዝ አይደለም። የጎማ ፋብሪካው ጎማውን ሲሠራ የትኛው መኪና ላይ እንደሚገጠም አያውቅም። ያው ጎማ ቀለል ያለ መኪና ላይም፣ ከበድ ያለ መኪና ላይም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መኪና የሚስማማውን ቁጥር ሊነግረን አይችልም።

የሚነግረን መኪናውን የሠራው ነው። የሹፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ ቢያዩ ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፎ ያገኛሉ። አንዳንድ መኪና ላይ የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ውስጥም አለ። የፊት ስንት፣ የኋላ ስንት፣ ብዙ ጊዜም ጭነት ሲበዛ ስንት እንደሚሆን ይናገራል። መሐንዲሶቹ ቁጥሩን ሲወስኑ የመኪናውን ክብደት፣ የፍሬኑንና የመሪውን አያያዝ፣ የነዳጅ ፍጆታውንም አንድ ላይ አይተዋል። ግቢያችን ውስጥ ካሉት የቤት መኪኖች ሰሌዳቸው 32 የሚል አሉ። እነሱን 44 መሙላት ከሚገባቸው በ12 ማሳለፍ ነው።

ውጤቱን ጎማው ራሱ አሳይቶናል። ከመጠን በላይ የተሞላ ጎማ መሐሉ ይወጣና መሬት የሚነካው ክፍል ይጠባል። ከመኪኖቹ የአንዱ የፊት ጎማዎች መሐላቸው ተልጦ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ግን ጥርሳቸው ገና እንዳለ ተቀየሩ። ጎሚስታው ገና ሲያየው ነው ምክንያቱን የነገረን። ሸካራ መንገድ ላይ ያ መኪና ይዘላል። የዘለለ ጎማ መሬት አይዝም፤ መሬት ካልያዘ ደግሞ ፍሬን መርገጥ ብዙም አይጠቅምም። ጉድጓድ ሲገጥመው የተወጠረ ጎማ ምቱን አይውጠውም። ላስቲኩ ውስጥ ያለው ክር ይበጠስና ጎኑ ላይ እብጠት ይወጣል። እንዲህ ያበጠ ጎማ አምጥተን አሳይተናል። «መንገዱ ነው» ተባልን።

የነዳጁን ሒሳብም እንይ። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው ምክር የጎማዎቹ ንፋስ በአማካይ ከሚገባው በ1 ፒ.ኤስ.አይ ሲያንስ መኪናው በአንድ ሊትር የሚሄደው ርቀት ወደ 0.2 ከመቶ ይቀንሳል ይላል። ጎማን በትክክል መሙላት በአማካይ 0.6 ከመቶ፣ አንዳንዴም እስከ 3 ከመቶ ይቆጥባል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ቁጠባ የተቆጠረው የጎደለውን ወደሚገባው ቁጥር በመመለስ ነው። ክፍላችን ግን ሒሳቡን ወደ ላይ ጎተተው። የጠነከረ ጎማ ይበልጥ እንደሚንከባለል አንክድም። ግን በዚያ የሚገኘው ጥቂት ነዳጅ ያለጊዜው በሚቀየር ጎማና በሚላላ አሞዛተር ተመልሶ ይወጣል። ጎማ የሚገዛው ንብረት ክፍል ነው። ነዳጅ የሚቆጥረው ስምሪት ክፍል ነው። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ስላልተገናኙ ነገሩ ቁጠባ መሰለ።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከዚህ ይብሳል። ለቤት መኪናው የበዛው 44 ለጫነ ሚኒባስና ፒካፕ ያንሳል። ከሚኒባሶቻችን የአንዱ ሰሌዳ ሙሉ ሰው ሲጫን የኋላ ጎማው 54 ይሁን ይላል። እኛ ግን በ44 ነው ሙሉ ሰው ይዘን፣ ላዩ ላይ ዕቃ ጭነን የምንወጣው። «ጎማው ወፍራም ነው፣ ይችላል» የሚሉ አሉ። ሸክሙን በዋናነት የሚሸከመው ግን ላስቲኩ ሳይሆን ውስጡ የታመቀው ንፋስ ነው። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው በየዙሩ ይተጣጠፋል። ሽቦ ደጋግመው ሲያጣጥፉት እንደሚግል ሁሉ ጎማውም ከውስጥ ይግላል። ሙቀቱ ላስቲኩንና ክሩን ያጣበቀውን ያላላል። ከዚያ ወይ ጥርሱ ከአካሉ ይላቀቃል፣ ወይ ጎማው ይፈነዳል። ነዳጁም የሚባክነው በዚሁ ነው። ሞተሩ የሰጠው ጉልበት መኪና በመግፋት ፈንታ ጎማ ሲያሞቅ ይቀራል። ነዳጅ የሚያባክነውና ጎማ የሚያፈነዳው ያው አንዱ ሙቀት ነው። ክፍሉ ስለ ነዳጅ ስናወራ ደህንነትን፣ ስለ ደህንነት ስናወራ ነዳጅን ለሌላ ቀን ባያስተላልፍብን ጥሩ ነበር።

ጥቂት ፒ.ኤስ.አይ ምን ያመጣል ለሚሉ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ ጠራ። ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። ጥርሳቸው በጉዞ ላይ ይላቀቅና መኪናው ይገለበጥ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ከ270 በላይ ሰዎችን ሞት ከእነዚያ ጎማዎች ጋር አያይዞታል። ጎማዎቹ የአሠራር ጉድለት እንደነበረባቸው መሥሪያ ቤቱ ደርሶበታል። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ሁለቱ ኩባንያዎች በንፋሱ ላይ ተጣሉ። ፎርድ ለመኪናው ያወጣው ቁጥር 26 ነበር፤ ፋየርስቶን 30 መሆን አለበት አለ። በአራት ፒ.ኤስ.አይ ነው ያን ያህል የተካሰሱት። የእኛ ሚኒባስ የጎደለው አስር ነው።

ዝናብ ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። ጎማ ውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ከንፋሱ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን በቀመር ያስቀመጡት በአውሮፕላን ጎማ ላይ የሠሩ የናሳ ተመራማሪዎች ናቸው። በቀመሩ መሠረት 36 ፒ.ኤስ.አይ ያለው ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይንሳፈፋል። 25 ያለው ግን 83 አካባቢ ላይ ይጀምራል። የመኪና ጎማ ጥርስና ስፋት ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ንፋስ ሲያንስ አደጋው ቶሎ መምጣቱ ግን አይለወጥም።

ሦስተኛው የማታው ልኬት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከመመሪያው ሁሉ በጣም ያስገረመን ይሄ ነው። ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ የተሰጠ ነው። ቀዝቃዛ ማለት መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙም ያልሄደ ማለት ነው። ጎማ ሲሄድ ይሞቃል፣ ንፋሱም ይጨምራል። ከ4 እስከ 6 ፒ.ኤስ.አይ መጨመሩ የተለመደ ነው። ያ ጭማሪ ትርፍ አይደለም። ሲበርድ ወደ ቦታው ይመለሳል። በር ላይ ግን እንደ ትርፍ ይታይና ይተነፍሳል።

ከላይ ባነሳነው ሚኒባስ ላይ የሆነውን እንንገርዎ። ማታ ሲመለስ የኋላ ጎማው 49 ተነበበ። ጥበቃው መመሪያውን አክብሮ 44 እስኪሆን አስተነፈሰው። ሹፌሩ «ነገ ጠዋት እኮ ይወርዳል» ቢል ሰሚ አላገኘም። ጠዋት የራሱን መለኪያ አውጥቶ ሲያየው 39 ነው። 54 የሚገባው ጎማ! ኮምፕሬሰሩ ያለበት ጋራዥ ገና አልተከፈተም፤ ተሳፋሪ ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ ስምሪቱ ደግሞ ደቂቃ ይቆጥራል። እንዲሁ ወጣ። በወሩ መጨረሻ ለዚሁ ሹፌር ከነዳጅ ኖርማ በላይ ተጠቅመሃል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ጥበቃው ላይ አንፈርድም። የፈጸመው የተሰጠውን ወረቀት ነው።

መለኪያዎቹም እርስ በርስ አይስማሙም። በር ላይ ያለው አንድ ይላል፣ ጋራዥ ያለው ሌላ ይላል። አንደኛው በባር፣ ሌላኛው በፒ.ኤስ.አይ ነው። 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት እንኳ አጠገባቸው አልተለጠፈም። አንዱ መለኪያ መሬት ላይ ሲወድቅ ዓይናችን አይቷል። ከዚያ በኋላ የፈተሸው የለም፤ አሁንም የሹፌር ደመወዝ የሚቆረጠው በእሱ ንባብ ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሳ። «ወደ ቆላ ስትወርዱ ንፋስ ቀንሱ» የሚል የቃል ትእዛዝም አለ። ሒሳቡን እንሥራው። 2000 ሜትር ከፍታ ላይ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ 33 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ጎማ አለ እንበል። ይህ ጎማ እስከ ባሕር ጠለል ወርዶ፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢለካ 32 አካባቢ ነው የሚያነበው። ሙቀቱ ይጨምርለታል። ግን ታች ያለው አየር ከውጭ ይበልጥ ስለሚጫነው መለኪያው ላይ ያነሰ ይታያል። ሁለቱ ሊጠፋፉ ምንም አይቀራቸውም። ሳንለካ ከቀነስን የጎደለውን እናጎድላለን። ከፍታው ሳይለወጥ የአየሩ ጠባይ ብቻ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሌላ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የቤት መኪና ጎማ ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ ያጣል። ምንም ሳይበሳ በራሱ በወር 1 ያህል ማጣቱም የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ ሞልቶ መርሳት የማይቻለው ለዚህ ነው።

የዳሽቦርዱ መብራት ጉዳይ አጭር ነው። በአሜሪካ ደንብ መብራቱ እንዲበራ የሚጠበቀው ንፋሱ ከሰሌዳው በ25 ከመቶ ሲያንስ ነው። 32 ለሚገባው መኪና ያ 24 ነው። መኪናው 25 ይዞ እየሄደ መብራቱ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። የተሠራው ከአደጋ ለማስጠንቀቅ ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብም ሆነ መለኪያን ለመተካት አልነበረም። በዚያ ላይ አንዳንዱ መኪና ንፋሱን በቀጥታ አይለካም። የጎማዎቹን የመሽከርከር ፍጥነት እያወዳደረ ነው የሚገምተው። አራቱም እኩል ካነሱ የሚያወዳድረው ስለሚያጣ ላያውቅ ይችላል። ንፋስ በተስተካከለ ቁጥርም መብራቱ አዲሱን ንፋስ እንዲያውቅ እንደገና መስተካከል አለበት፤ የእኛ መኪኖች መመሪያው ሲወጣ ሁሉም ንፋሳቸው ተቀይሮ ይህን ያደረገ የለም።

የጭነት መኪኖቹን ወደ ኋላ ያቆየነው የምንለው ብዙ ስለሆነ ነው። ቁጠባ ከተፈለገም እዚህ ነው ያለው። ከባድ መኪና ከሚያቃጥለው ነዳጅ ሲሶ ያህሉ ጎማ ለማንከባለል እንደሚሄድ ይገመታል። አደጋውም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው።

የኋላ ጎማዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ውስጠኛው አይታይም፣ ቫልቩም ለእጅ አይመችም። የበሩ መለኪያ ጫፉ አጭር ስለሆነ እሱ ጋ አይደርስም። ስለዚህ በር ላይ የሚለካው የውጪው ብቻ ነው። ውስጠኛው በዱላ ይመታል፤ ድምፁ ደህና ከመሰለ አለፈ። 100 ይሁን 75 በዱላ የሚለይ ጆሮ እስካሁን አላጋጠመንም።

ጎማዎቹ ጎን ላይ 152/148 የሚል ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያው ጎማው ብቻውን ሲገጠም እስከ 3550 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሁለተኛው በጥንድ ሲገጠም ለእያንዳንዱ 3150 ኪሎ ነው። ፋብሪካው ራሱ ለጥንድ 400 ኪሎ ቀንሷል። ሁለት ጎማዎች ጎን ለጎን ሆነው ሸክሙን ሁልጊዜ እኩል እንደማይካፈሉ ያውቃልና። እንግዲህ ያስቡት። ጥንዱ ሙሉ ጭኖ 6300 ኪሎ ይዟል። ውስጠኛው ንፋሱን ካጣ ያ ሁሉ ክብደት ብቻውን 3550 ለተፈቀደለት ጎማ ይወርዳል።

ይህ ደርሶብናል። ከጭነት መኪኖቻችን የአንዱ ውስጠኛ ጎማ በቫልቩ በኩል ቀስ እያለ ያፈስ ነበር። ክዳኑ ጠፍቶ ቆሻሻ ገብቶበታል። በር ላይ የውጪው ተለክቶ 100 ተባለና አለፈ። ቁልቁለት ላይ፣ ሙሉ ጭነት እንደያዘ፣ የውጪው ፈነዳ። ሹፌሩ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ፍሬን ሳይረግጥ፣ ፍጥነቱ በራሱ እስኪወርድ ጠብቆ ዳር አወጣው። ሰው አልተጎዳም። የሪፖርቱ ቃል ግን «በሹፌሩ ቸልተኝነት» ነው። የጎማው ዋጋ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ውስጠኛውን ጎማ ፈትቶ ያየ የለም። ሹፌሩን «ለምን አለካህም?» ብሎ የጠየቀው ሰው በምን ይለካው እንደነበር አልነገረውም።

ከዚያ የተደረገው ደግሞ ከፍንዳታው በላይ ያስፈራል። የፈነዳው ተቀየረ። ባዶውን ሲነዳ የነበረው ውስጠኛ ግን እዚያው መኪናው ላይ እንዳለ ንፋስ ተሞላ። የአሜሪካ የሥራ ላይ ደህንነት ደንብ ይህን ይከለክላል። የከባድ መኪና ጎማ ከሚገባው 80 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ይዞ ከተነዳ መኪናው ላይ እንዳለ አይሞላም፤ ወርዶ መታየት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ንፋስ አጥቶ የተነዳ ጎማ ጎኑ ውስጥ ያሉት የብረት ክሮች እየታጠፉ ይደክማሉ። ከውጭ ምንም አይታይም። እንደገና ሲሞላ አንዱ ይበጠሳል፤ ከዚያ ተራ በተራ ይከተሉታል፤ ጎኑ ተተርትሮ ይፈነዳል። በ100 ፒ.ኤስ.አይ የሚፈነዳ የጭነት መኪና ጎማ ፊቱ የቆመን ሰው ይገድላል። በሌላ ቦታ የወረደ ጎማ የሚሞላው በብረት ቀፎ ውስጥ ነው። የሚሞላው ሰው ረዥም ቱቦ ይዞ፣ ጫፉን ቫልቩ ላይ አስሮ፣ ራቅ ብሎ ወደ ጎን ይቆማል። የእኛ ረዳት ግን ጎማው ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ጫፉን በእጁ ተጭኖ ነው የሚሞላው።

ለጭነት መኪና የተባለው 100 ራሱ ለማንኛው አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎች የሚያርፉበት ዘንግ) እንደሆነ አይታወቅም። የፊት ጎማዎች ነጠላ ናቸው፤ ሞተሩም ጋቢናውም እነሱ ላይ ነው። የኋላዎቹ ሲጭኑና ባዶ ሲመለሱ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። የጎማ ፋብሪካዎች ለዚህ ነው የክብደትና የንፋስ ሠንጠረዥ የሚያወጡት። በአክስል ላይ ያረፈውን ክብደት አውቆ ከሠንጠረዡ ማንበብ ነው። ሚዛን ላይ የወጣንበት ወረቀት በየጊዜው ለክፍሉ ይገባል። ከሠንጠረዡ ጋር ማስተያየት የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም።

ትርፍ ጎማም አለ። መመሪያው ስሙን እንኳ አያነሳም። አንዱ ፒካፕ ከከተማ ርቆ ጎማው ሲበሳ ትርፉን አወረዱት፤ ንፋስ የለውም። ሌሊቱን እዚያው አደሩ።

በቅርቡ ደግሞ ጎማዎቹ ሁሉ ናይትሮጅን ይሞሉ የሚል ሐሳብ እንዳለ ሰምተናል። ከወዲሁ እንናገር። ማንኛውም ኮምፕሬሰር የሚሞላው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ንጹሑ ናይትሮጅን ትንሽ ቀስ ብሎ ይወጣ ይሆናል። የተሳሳተን ቁጥር ግን ትክክል አያደርግም፣ መለካትንም አያስቀርም። ለእሱ የታሰበ ገንዘብ ካለ ለመለኪያ ይዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

44ም ሆነ 100 የሚለው መመሪያ ዛሬ ነገ ሳይባል ይነሳ። በምትኩ በእያንዳንዱ መኪና የበር ምሰሶ ሰሌዳ ላይ ያለው የንፋስ ቁጥር፣ የፊትና የኋላ፣ የባዶና የጭነት፣ ተነብቦ ይመዝገብ። በስምሪት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ጋቢና ውስጥም ይለጠፍ። ሰሌዳው የተፋቀ ከሆነ ከመጽሐፉ ይፈለግ። ለጭነት መኪኖች ከጎማ ፋብሪካው ሠንጠረዥ በአክስል ክብደት ይወጣ።

ልኬቱ ከማታ ወደ ጠዋት ይዙር። ቢያንስ በወር አንዴና ከረዥም ጉዞ በፊት ሁሌ ይሁን፤ ለጭነት መኪኖች ከዚህም ይብዛ። ትርፍ ጎማውም ይካተት። ለዚህ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ስምሪቱ ውስጥ ይታሰብልን፤ ኮምፕሬሰሩም መኪና ከመውጣቱ በፊት ክፍት በሆነ ቦታ ይቀመጥ። የሞቀ ጎማ ማስተንፈስ በግልጽ ይከልከል። መብራት ያለው መኪናም እንደ ሌላው ይለካ።

ለእያንዳንዱ መኪና መለኪያ ይሰጥ። ሌሎቹ የሚፈተሹበት አንድ ጥሩ መለኪያ ጋራዥ ውስጥ ይቀመጥ። ለጥንድ ጎማዎች የሚደርስ ረዥም ጫፍና የቫልቭ ማራዘሚያ ይገዛ፤ የጠፉ የቫልቭ ክዳኖች ይተኩ። እነዚህ ከአንድ የጭነት መኪና ጎማ ጋር ሲወዳደሩ ምንም አይደሉም።

የብረት ቀፎው፣ ቫልቭ ላይ የሚታሰረው ጫፍና ረዥሙ ቱቦ ግን ቀጠሮ የሚሰጣቸው አይደሉም። እነሱ እስኪመጡ ድረስ ንፋስ አጥቶ የተነዳ የጭነት መኪና ጎማን ማንም ረዳት እንዲሞላ አይታዘዝ። እምቢ ያለ ረዳትም አይቀጣ። ያ ውስጠኛ ጎማም አሁን መኪናው ላይ ነው፤ ይውረድና ይታይ።

በመጨረሻም የደመወዝ ቆረጣው ይቁም። መመሪያው ከወጣ በኋላ በጎማ የተወሰኑ ውሳኔዎች ጎሚስታና የጋራዥ ባለሙያ ባሉበት እንደገና ይታዩ። ጎማው መሐሉ ነው ያለቀው ወይስ ዳርና ዳሩ? በመጀመሪያው ንፋስ በዝቷል፣ በሁለተኛው አንሷል። ይህን አይቶ መወሰን ይቻላል። በዚያው ጊዜ የተጻፉ የነዳጅ ማስጠንቀቂያዎችም ከግል ማኅደራችን ይውጡ።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። እስኪመጣ ድረስ ሹፌሮች ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት በራሳቸው መለኪያ እየለኩ በሰሌዳው ቁጥር ይሞላሉ፤ ንባቡንም በስምሪት ወረቀቱ ጀርባ ይጽፋሉ። ማታ በር ላይ ንፋስ እንዲወጣ አንፈቅድም። ይህ እንደ እምቢተኝነት እንዳይቆጠርብን ከወዲሁ አሳውቀናል።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ሹፌሮችና ረዳቶች ተወካዮች

ግልባጭ፦
ለንብረትና ግዥ ክፍል
ለጋራዥ ክፍል
ለጥበቃ ክፍል
ለሠራተኛ ማኅበር